ገበሬው ነፊና የሚገባው መታሰቢያ

የባላገርን ዜማ የሚያመሰግን ብዙ ነው፤ ዜማውን የነፋውን ገበሬ ስም የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ባለችው በሐሙሲት ዙሪያ፣ በደራ ምድር፣ ዋሽንት የእረኛና የአራሽ መሣሪያ ነው። ከሸምበቆ ተቈርጦ ብዙውን ጊዜ በአራት ቀዳዳ ይበሳል፤ ትዝታንም ባቲንም አምባሰልንም አንቺ ሆዬንም ይናገራል። አዝማሪ በማሲንቆው የሚተዳደር ስለ ሆነ ስሙ በየግብሩና በየጠጅ ቤቱ ይጠራል፤ አራሹ ግን ዋጋ ሳይጠይቅ ነፍቶ ወደ እርሻው ይመለሳልና ዜማው «የሕዝብ» ተብሎ ሲቀር እርሱ ይረሳል።

እንዲህ ያለው መርሳት ግዴታ አለመሆኑን የአየርላንድ ታሪክ ያስረዳል። በክሌር አውራጃ ጁኒየር ክሬሃን የሚባል ገበሬ በፈረንጆች አቈጣጠር በ1908 ተወልዶ በ1998 ዐረፈ። ቀን በእርሻው ሲደክም ውሎ ማታ በጎረቤት ቤት ቫዮሊን ይመታ ነበር። በ1935 ያለ ፈቃድ የሕዝብ ጭፈራ እንዳይደረግ ሕግ ወጣ፤ ካህናቱም ስለ ሥነ ምግባር ብለው ደገፉት። ነገር ግን ሕጉ ከመጥፎው ጋራ መልካሙን፣ ይኸውም ጎረቤት ከጎረቤት የሚገናኝበትን የቤት ጨዋታ፣ አብሮ አጠፋው፤ ክሬሃንም በዚህ ሲያዝን ኖረ። ከ1973 ጀምሮ ግን በሚልታውን ማልቤይ ከተማ፣ ለዊሊ ክላንሲ መታሰቢያ በየዓመቱ በሚደረገው የዜማ ትምህርት፣ ገበሬው አስተማሪ ሆነ። «ጉም የሸፈነው ተራራ» የተባለው ድርሰቱም ለጭፈራ እግር የተሠራ እንጂ ለጣት ብልጠት ማሳያ አይደለም፤ ውበቱም በዚህ ነው።

በአገራችንም በፈረንጆች 1963 የተቋቋመው ኦርኬስትራ ኢትዮጵያ ዋሽንትን ከክራርና ከማሲንቆ ጋራ አስተባብሮ በመድረክ አቆመው፤ ሥራው ምስጋና ይገባዋል። ይሁን እንጂ መድረክ ዜማውን ያከብራል እንጂ ምንጩን ብቻውን አያስታውስም።

መንገዱ ለሊቃውንት እንግዳ አይደለም። የድጓ ተማሪ የቤተ ልሔምን ዜማ ከቆማና ከአጫብር ለይቶ ያውቃል፤ ከማን እንደ ተማረም ሲጠየቅ የመምህሩን ስም አይሰውርም። ለቅዱሱ ዜማ የተደረገው ጥንቃቄ ለአራሹ ዋሽንት በልኩ ቢደረግለት ነውር የለበትም። እንግዲህ የባላገርን ዜማ የሚቀዳ ሰው ድምፁን ብቻ ሳይሆን የነፊውን ስም፣ ቀበሌውን፣ ያስተማረውንና የሚነፋበትን ጊዜ አብሮ ይጻፍ። ይህን የተወ ቅጂ ውኃውን ቀድቶ ምንጩን እንደ ደፈነ ይቈጠራል።