ስለ መንጠቆ አሳሳብ፤ የአጥማጅ እጅ በምን ይመዘናል?

ከአሰላ ተነሥቶ፥ የጭላሎን ተራራ ከኋላው ትቶ፥ የገብሱንና የስንዴውን ማሳ እያቋረጠ በኦጎልቾ በኩል ቁልቁል የሚወርድ መንገደኛ፥ የደጋው ብርድ ቀስ በቀስ ተለይቶት በግራር ሜዳ መካከል ከዝዋይ ሐይቅ ይደርሳል። ከአርሲ ተራሮች ውሃውን እየሰበሰበ የሚወርደው የከታር ወንዝም ማረፊያው ይኸው ከባሕር ወለል በላይ 1,636 ሜትር ላይ የተዘረጋው ሐይቅ ነው። በዚህ ውሃ ዳር ተቀምጬ አጥማጆችን ስመለከት ልቡናዬን የሚይዘው የምርኮው ብዛት ሳይሆን፥ ዓሣው ማባበያውን በነከሰበትና እጅ ክሩን በሳበበት መካከል ያለችው ያች አጭር ቅጽበት ናት፤ የተግባረ እድ ሁሉ ምስጢር በእርስዋ ውስጥ ተጠቅሎ ይታየኛልና።

በወንጌል መረብ ደጋግሞ ሲነሣ፥ መንጠቆ ግን የሚጠቀሰው አንድ ጊዜ ብቻ፥ ቅዱስ ጴጥሮስ ግብር የሚከፍልበትን እስታቴር ከዓሣ አፍ እንዲያወጣ በታዘዘበት ቦታ ነው። መረብ ብዙውን በአንድነት ይጠቀልላል፤ መንጠቆ ግን የሚነጋገረው ከአንዱ ጋር፥ ያውም በአፉ በኩል ነው። ስለዚህ የአጥማጅን ሥራ ሊመዝን የሚወድ ሰው የአጥማጁን ወሬ ከመስማቱ በፊት የዓሣውን አፍ ይክፈት። መንጠቆው በመንጋጋው ማዕዘን፥ አጥንቱ አልቆ ጠንካራው ቆዳ በሚጀምርበት ቦታ ገብቶ፥ ቀዳዳው ጠባብና ያልተቀደደ ሆኖ ከተገኘ ሥራው የሊቅ ሥራ ነው። በከንፈሩ ጫፍ ብቻ ተንጠልጥሎ ከተገኘ እጁ ቸኩሏል፤ በጉሮሮው ወይም በስንጥቡ ውስጥ ከተገኘ ደግሞ ዘግይቷል፤ ይህንም ጥፋት ከመቸኮሉ ይልቅ አጥብቄ እነቅፈዋለሁ፥ በከንፈሩ ብቻ ተይዞ ያመለጠው ዓሣ በሕይወቱ ሲመለስ ጉሮሮው የተወጋው ግን ቢያመልጥም እንኳ የመትረፍ ተስፋው የመነመነ ነውና።

ነገር ግን ጊዜው ለዓሣ ሁሉ አንድ አይደለም። አምባዛ ራሱ እንደ ጋሻ የጠነከረ፥ መንጋጋው በደቃቅ ጥርስ የተነጠፈ ፍጥረት ስለ ሆነ፥ ፊት ለፊት ቢስቡት የመንጠቆው ጫፍ አጥንቱን ጭሮ ይመለሳል። በደፈረሰው ውሃ ውስጥ በስምንቱ ሪዞቹ ዳስሶ ማባበያውን ካገኘ በኋላ ግን ጎርሶ ዞር ይላል፤ በዞረም ጊዜ ክሩ በጉንጩ በኩል ያልፍና የመንጋጋው ማዕዘን ወደ አጥማጁ እጅ ይመለሳል። ጥሩ አጥማጅ የሚጠብቀው ይህችን መዞር ነው። ቆሮሶ ግን አፉ ትንሽ፥ ቀምሶ የሚተፋም ስለ ሆነ፥ ለእርሱ ያን ያህል መታገሥ ባዶ መንጠቆ መሳብ ይሆናል፤ የእጅ አንጓ ፈጥኖ ሊነቃ ይገባል። ቢልጫ ጥርሱ በጉሮሮው እንጂ በመንጋጋው ስላልሆነ፥ በወፍራም ከንፈሩ ስቦ ያስገባውን መልሶ ሲተፋው መንጠቆው ሥጋ ያገኛል።

ከሩቅ የሚመለከት ሰው ደግሞ ክሩን ይመልከት። ናይለን ሲስቡት የሚለጠጥ ስለ ሆነ፥ የላላ ክር የእጅን ኃይል በመንገድ ያስቀረዋል፤ አዋቂው አስቀድሞ ልልነቱን በቀስታ ይሰበስብና የዓሣው ክብደት በጣቱ ላይ ሲሰማው ብቻ፥ አንድ ጊዜ፥ አጭርና ቁርጥ ያለ ምንጨቃ ይመነጭቃል፤ ከዚያም በኋላ ክሩን አያላላም። ሁለት ሦስት ጊዜ የሚመነጭቅ፥ ከወገቡ ጀምሮ ወደ ኋላ የሚወድቅ ሰው፥ የመጀመሪያዋን ምንጨቃ ራሱ አላመነባትም። መንጠቆውንም ተቀብላችሁ ጫፉን በአውራ ጣት ጥፍራችሁ ላይ በቀስታ ሳቡት፤ ከተንሸራተተ ሞረድ አላየም፥ ከያዘ ግን ባለቤቱ ሥራውን ያከብራል።

በሰሜን አሜሪካ ሐይቆች መስኪ የሚባል ትልቅ አዳኝ ዓሣ አለ፤ አፉ አጥንት የበዛበት፥ የያዘውንም በጥርሱ ነክሶ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርግ ስለ ሆነ፥ አጥማጆቹ መንጠቆአቸውን በሞረድ ሳያሾሉ አይወጡም፥ ሲስቡም በብርቱ ወደ ጎን ነው። ከአምባዛ ጋር ዘመድ ባይሆንም በአፉ አጥንት የተነሣ ሕጉ ተቀራርቧል። ጫፉ ወደ ውስጥ እንደ ክብ የታጠፈውን መንጠቆ የያዘ አጥማጅ ግን ፈጽሞ መመንጨቅ የለበትም፤ ክሩን ሲያጠብቀው መንጠቆው ራሱ ተንሸራትቶ የመንጋጋውን ማዕዘን ያገኛልና፥ የሚመነጭቅ ሰው ከዓሣው አፍ ነጥቆ ያወጣዋል።

አንባቢ ሆይ፥ ወደ ዝዋይ ዳር ወርደህ ዓሣ ስትገዛ አፉን ከፍተህ እይ። በመረብ የተያዘው የመንጠቆ ቁስል አይገኝበትም፤ ቁስሉ በመንጋጋው ማዕዘን የሆነ አምባዛ ያገኘህ እንደ ሆነ ግን፥ ከመሄድህ በፊት ያጠመደውን ሰው ስም ጠይቅ።