የዘመነ ሱስንዮስ ሁለት ንባቦች

ከአርብ ገበያ በደብረ ታቦር አድርጎ ወደ ጣና የወረደ ሰው ቆራጣ ወለተ ጴጥሮስን፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን በነበረችው መነኩሲት ስም የተጠራውን ቤተ ክርስቲያን፣ ያገኛል። የፕሪንስተኗን ምሁር ዌንዲ ቤልቸርን የማደንቃቸው የዚያን ዘመን ወሬ ከሁለቱም ወገን፣ ከኢየሱሳውያኑም ከኢትዮጵያውያኑም፣ ስለሰሙ ነው። በ2012 (እ.ኤ.አ.) ባወጡት መጽሐፍ የኢየሱሳዊው ሚስዮናዊ የሎቦ የኢትዮጵያ ጉዞ ትረካ፣ በ1735 ወደ እንግሊዝኛ የመለሰውን እንግሊዛዊውን ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰንን እንዴት እንደቀረጸው አሳዩ። እውነቱን ለመናገር እኔ የማደላው ለሁለተኛው ሥራቸው ነው፤ በ2015 ከሚካኤል ክላይነር ጋር የተረጎሙት፣ ገላውዴዎስ በ1672 የጻፈው ገድለ ወለተ ጴጥሮስ። የወለተ ጴጥሮስ ባል የንጉሡ የጦር አዛዥ ነበር፤ እሷ ግን ጥላው መንና፣ የንጉሡን አዲስ ሃይማኖት፣ ካቶሊክነትን፣ እያወገዘች እስከ ዋልድባ ተንከራተተች፣ ተግዛም ታሰረች። ጸሐፊው ወንድ መነኩሴ ይሁን እንጂ፣ በገድሉ ውስጥ የሴቶቹ ጭውውት፣ ቁጣና ሳቅ ሳይቀር ይሰማል። ሎቦ ይህን ከየት ሊያገኘው!