የኬንያን ታሪክ በጂንካ ስለ ማስተማር

የጐረቤትን አገር ታሪክ ከራስ ታሪክ ጋራ እያነጻጸሩ ማስተማር የተመሰገነ ዘዴ ነው፤ የሚጠቅመው ግን የሚነጻጸሩት ነገሮች በሚገባ ሲመረጡ ነው። የኬንያ ታሪክ ሲነሣ የተለመደው ንጽጽር፥ ኬንያ በቅኝ ግዛት ተይዛ ነበር፥ ኢትዮጵያ ግን በ1896 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) በዓድዋ ድል ነፃነቷን ጠበቀች የሚለው ነው። ይህ እውነት ነው፤ ተማሪውም ሊያውቀው ይገባል። ለደቡብ ኦሞ ተማሪ ግን መነሻ እንጂ መድረሻ ሊሆነው አይችልም።

የራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር በ1898 እስከ ቱርካና ሐይቅ ደረሰ። ከዚያም የ1907 የኢትዮጵያና የእንግሊዝ የወሰን ውል የዳሰነችን አገር ከሁለት ከፈለው። በኬንያ በኩል የቀረው ወገን ያየው ቅኝ ገዢ እርሻ የሚያቀና ነጭ ሰፋሪ አልነበረም፤ በ1926 የሰሜኑን አውራጃ ያለ ፈቃድ የማይገባበት ዝግ አገር ያደረገው ሹም ነበር። ስለዚህ የዳሰነች ታሪክ ሊነጻጸር የሚገባው ወሰን ተሻግረው ከሚገኙት አርብቶ አደሮች ታሪክ ጋራ ነው።

በጂንካ ዙሪያ ያለው የአሪ ገበሬ ታሪክ ደግሞ ሌላ ነው። እርሱ በገባርነት ለወታደሩና ለሹሙ ግብርና ጉልበት ይሰጥ ነበር። የእርሱ አቻ የሚገኘው በኬንያ ደጋ በነጮች እርሻ ላይ እየሠራ በኖረው ኪኩዩ ዘንድ ነው። ልዩነታቸውም ሊሸፈን አይገባም። በኬንያ የ1915 የመሬት ሕግ ለሰፋሪው የ999 ዓመት የኪራይ መብት ሰጠ፤ ገባሩ ግን በአባቶቹ መሬት ላይ እንደ ተቀመጠ የድካሙን ፍሬ አጣ። ፍጻሜውም የተለያየ ነው፤ በኬንያ ብዙው የሰፋሪ እርሻ በግዢ ሲተላለፍ፥ በኢትዮጵያ የ1975 ዐዋጅ የገጠርን መሬት ያለ ካሣ የሕዝብ አደረገ።

ዶናልድ ዶንሃምና ዌንዲ ጄምስ በ1986 ያሳተሙት መጽሐፍ የደቡብን ሕዝቦች ከማዕከላዊው መንግሥት ጋራ እያገናዘበ በመመርመሩ ትልቅ ውለታ ውሏል። ይሁን እንጂ ዋና ጉዳዩ ኢትዮጵያ ስለ ሆነች፥ ወሰን ተሻጋሪውን ንጽጽር መሥራት የመምህሩ ድርሻ ሆኖ ይቀራል።

እንዲህ ያለው ትምህርት የዓድዋን ክብር ይቀንሳል ብለው የሚሠጉ አሉ። ሥጋታቸው ግን ተገቢ አይደለም፤ የመንግሥት ነፃነትና የገበሬው ኑሮ ሁለት ልዩ ጥያቄዎች ናቸውና። ሁለቱ ከተደባለቁ ግን የአሪውም የዳሰነቹም ልጅ አያቱን በኢትዮጵያም ሆነ በኬንያ ታሪክ ውስጥ ፈልጎ አያገኘውም። ስለዚህ መምህሩ በሁለቱም አገር ላይ አንድ ዐይነት ጥያቄ ያቅርብ፤ ግብሩን ማን ወሰደ? በየትኛው ሕግ? መሬቱስ በማን እጅ ቀረ?