የጎጃም ደጋ ንቅሳትና ትርጓሜው

ከደብረ ማርቆስ አንሥቶ እስከ ጮቄ ተራራ ግርጌ ባለው ደጋ፥ ዕድሜያቸው በገፋ ሴቶች ግንባር፥ አገጭ፥ አንገትና ድድ ላይ የሚታየው ንቅሳት ብዙ ጊዜ በአንድ ቃል ተተርጉሞ ይታለፋል። አንዱ ወገን «የክርስትና ምልክት ነው» ይላል፤ ሌላው «ጌጥ ነው» ይላል፤ በቅርብ ጊዜ ደግሞ ከከተማው ወጣት አነጋገር የተወሰደ «የግል ማንነት መግለጫ ነው» የሚል ሦስተኛ ትርጓሜ ተጨምሮበታል። ሦስቱም ከእውነት የራቁ አይደሉም፤ ነገር ግን ማን በማን ላይ፥ በምን ዕድሜና ስለ ምን እንዳደረገው ሳይጠየቅ፥ ምልክቱ ብቻ ታይቶ የተሰጡ ናቸው።

በግንባር ላይ ያለው መስቀል በእርግጥ መስቀል ነው። ሆኖም ክርስቲያንነትን ለማስታወቅ በጥምቀት ጊዜ የሚታሰረው ማተብ አለ፤ ማተብም ለወንድም ለሴትም ነው። ንቅሳት ግን በአመዛኙ የሴት ነው። የቤተ ክርስቲያንም ሥርዓት አይደለም፤ እንዲያውም ኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 19 ቁጥር 28 ገላን መነቀስን ይከለክላል። ለእምነት ብቻ የሚደረገውን ንቅሳት ለማየት የሚሻ ሰው ወደ ኢየሩሳሌም ተሳላሚዎች ቢመለከት ይሻላል። በዚያ የራዙቅ ቤተ ሰብ የሚጠቀምባቸውን የእንጨት ማኅተሞች ጆን ካርስዌል በ1956 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ መዝግቧቸዋል፤ ተሳላሚውም ሥዕሉን ራሱ መርጦ፥ ለመሳለሙ ምስክር ይዞ ይመለሳል። የጎጃሟ ልጅ ግን ከደጇ ሳትርቅ ትነቀሳለች።

የድዱ ንቅሳት ነገሩን ይበልጥ ያስረዳል። ድድ ላይ መስቀል የለም፤ የሚፈለገው ድዱ ጠቁሮ ጥርሱ እንዲነጣ ነው፤ ድድን ያጠነክራል የሚል እምነትም አለበት። አንገትም እንዲሁ ነው። የደጋው አፈርና ውሃ አዮዲን ስለሚያንሰው እንቅርት በጎጃም የቆየ ሕመም ነው፤ ያበጠውን ስፍራ መነቀስም እንደ መድኃኒት ይቆጠር ነበር። ስለዚህ ሁለት ሴቶች ጎን ለጎን ቆመው አንገታቸው ላይ አንድ ዓይነት መስመር ቢታይ፥ አንዷ ለውበት፥ ሌላዋ ለሕመም የተነቀሰች ልትሆን ትችላለች። ከፎቶግራፍ ብቻ ተነሥቶ የንቅሳትን ትርጓሜ የሚጽፍ ሰው ይህን ከወዴት ያገኘዋል?

ሥራው ቀላል ቢመስልም ሙያ ይጠይቃል። ነቃሿ የድስት ወይም የኩራዝ ጥላሸት በጥብጣ መልኩን በቆዳው ላይ ትነድፋለች፤ ከዚያም በእሾህ ወይም አንድ ላይ በታሰሩ መርፌዎች እየወጋች ቀለሙን ታገባዋለች። ቁስሉ አብጦ፥ ቅርፊት ይዞ ሲሽር፥ ጥቁር የነበረው ጥላሸት ከቆዳ ሥር ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መስሎ ይታያል። መስመሩ ቀጥ ያለ እንደ ሆነ ነቃሿ ትመሰገናለች፤ የተንጋደደ እንደ ሆነ ግን ባለ አንገቷ ዕድሜ ልኳን ትሸከመዋለች።

«የግል ማንነት መግለጫ» የሚለው አነጋገር የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ የተነቀሱት በልጅነታቸው፥ በእናት ወይም በአክስት ፈቃድ ነው። ፈቃዱ የሌላ ሰው፥ ሕመሙ የልጅቱ ሆኖ ሳለ፥ መግለጫው የእርስዋ ነው ማለት ያስቸግራል። የአዲስ አበባ ወጣት በኤሌክትሪክ መርፌ በክንዱ ላይ የሚያስጽፈውን «ታቱ» ብሎ መጥራቱና «ንቅሳት» የሚለውን ቃል ለእናቱ መተዉ ልዩነቱ በቋንቋው ዘንድ የታወቀ መሆኑን ያሳያል።

ይሁን እንጂ ሴቲቱን ፈቃድ የለሽ አድርጎ መቁጠርም ሌላ ስሕተት ነው። ካደገች በኋላ የአንገቷን መስመር በራሷ ምርጫ የምታስጨምር አለች። አንገቷን የከበበው መስመር ድሪ ይመስላል፤ ነገር ግን ድሪ ይሸጣል፥ በመያዣ ይሰጣል፥ ባልና ሚስት ሲፋቱም ከንብረቱ ጋር ይቈጠራል። ንቅሳት ግን ሽማግሌ አይካፍለውም። ሀብት ለሌላትም ሴት የሚገኝ ጌጥ ይህ ነው። በእስክስታ ጊዜ ትከሻና አንገት ሲንቀሳቀሱ መስመሩ አብሮ ሲጨፍር ያየ ሰው፥ ቆሞ እንዲታይ የተሠራ ሥዕል አለመሆኑን ይረዳል።

አገር ሲለወጥ ንባቡም ይለወጣል። በመንደሯ ያስመሰግናት የነበረው የግንባር መስቀል፥ ለሥራ አዲስ አበባ ስትገባ ገና አንደበቷን ሳትከፍት «ባላገር» ያሰኛታል። በዚህም ምክንያት በሚያቃጥል ነገር ሊፍቁት ሞክረው ጠባሳ ያተረፉ ሴቶች አሉ፤ ዛሬ ደግሞ ገንዘብ ያላት በሌዘር ታስነሣዋለች። የግንባሩ ምልክት ከሩቅ ለማንም ይነበባል፤ የድዱ ግን የሚታየው ባለቤቷ ስትስቅ፥ ለምትስቅለትም ሰው ብቻ ነው።