ክንድ የማይጎዳ ቅኝት

ራኬቱን ብብቱ ሥር ሸጉጦ፣ በግራ አውራ ጣቱ የቀኝ ክርኑን በውጭ በኩል እያሸ የሚገባ ደንበኛ ሲያጋጥመኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ራኬቱ አይደለም። «ቡና የተሞላ ሲኒ ሲያነሡ ያምዎታል?» ነው የምለው። ባለፈው የፋሲካ ሰሞን የመጡት ጋሼ ጥያቄውን ሲሰሙ ቆም አሉ። «በምን ዐወቅህ ልጄ? ሲኒ ብቻ መሰለህ፣ የመኪና በር መክፈት አቅቶኛል» አሉኝ።

ራኬታቸውን ተቀብዬ መብራት ሥር አስጠጋሁት። ቁሙም አግድሙም አንድ ዓይነት ፖሊስተር ክር ነው፤ በ60 ፓውንድ የተወጠረ። መቼ እንዳስወጠሩት ስጠይቃቸው «ከገና በፊት» አሉ። መሀል ላይ ካሉት የቁም ክሮች አንዱን በጥፍሬ ወደ ጎን ገፋሁና ለቀቅኩት። ወደ ቦታው አልተመለሰም፤ ጎበጥ እንዳለ ቀረ። ሌላውንም ገፋሁ፤ እሱም ቀረ። ክሮቹ በሚቋረጡበት ቦታ ሁሉ አንዱ ሌላውን ቦርቡሮ ጥርስ አውጥቶበታል።

«ጋሼ፣ ይህ ክር ሞቷል» አልኳቸው።

«ኧረ ገና አልተበጠሰም እኮ!»

በዚህ ሥራ ከምሰማቸው ንግግሮች ሁሉ እጅግ የምፈራው ይህንን ነው።

የምሠራው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በቤቴ ምድር ቤት ባለች አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ከደንበኞቼ ብዙዎቹ ቴኒስ የጀመሩት ካገር ከወጡ በኋላ፣ ዕድሜያቸው ከ40 ካለፈ ወዲህ ነው። ሳምንቱን ሙሉ መሪ ሲያዞሩ ወይም ዕቃ ሲያነሡ ይሰነብቱና እሑድ ከቅዳሴ መልስ መናፈሻው ሜዳ ላይ ይገናኛሉ። ክንዳቸው ሜዳ ከመግባቱ በፊት ደክሟል። ቴኒስ ኤልቦ የሚባለው የክርን ሕመም ስሙን ከጨዋታው ያግኝ እንጂ ከሚታመሙት አብዛኞቹ ቴኒስ ተጫውተው የማያውቁ ሠራተኞች ናቸው። እኔ ጋ የሚመጡት ሁለቱንም ደርበው የያዙ ናቸው።

የራኬትን የቁም ክሮች ድር፣ አግድሞቹን ማግ ብዬ ነው የምጠራቸው። ቃሉ የሸማኔ ነው፤ ሥራውም ከሸማኔ ሥራ አይርቅም፤ ማጉ ድሩን አንዴ ከላይ አንዴ ከታች እያለ ይሻገረዋል። ከዚህ ሌላ አንድ ቃል ከአያቴ ወስጃለሁ፤ መቃኘት የሚለውን። አያቴ በገና ደርዳሪ ነበሩ። የበገና አሥሩ አውታሮች ከበግ አንጀት ነው የሚሠሩት፤ አንጀቱ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ ይከረራል፣ ተወጥሮ ይደርቃል። የመጀመሪያውን የተፈጥሮ አንጀት የቴኒስ ክር ከፓኬቱ ሳወጣ ጣቴ ወዲያው ዐወቀው። ያው የአያቴ አውታር ነው። ፈረንሳይ ሊዮን ውስጥ ባቦላ የተባለው ቤት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1875 ለቴኒስ ራኬት የአንጀት ክር መሥራት ጀመረ፤ ዛሬ ክሩ የሚሠራው ከላም አንጀት ነው። ይህን ያህል ዘመን አልፎ፣ ይህን ያህል የኬሚስትሪ ምርምር ተደርጎ፣ ለክንድ የሚራራ ክር የቱ ነው ብሎ ለጠየቀኝ የምመልሰው የመጀመሪያ መልስ አሁንም አንጀት ነው።

ምክንያቱ ኳሷ ክሩ ላይ በምትቆይበት ጊዜ ውስጥ አለ። ጊዜው 5 ሚሊሰከንድ ገደማ ነው። በዚያች ቅጽበት ክሩ እሺ ብሎ ከተለጠጠ ምቱ በመጠኑ ረዘም ባለ ጊዜ ላይ ይከፋፈላል፤ አልለጠጥም ካለ ያው ጉልበት ባጠረ ጊዜ ተጠቅልሎ ወደ ፍሬሙ፣ ከፍሬሙ ወደ እጀታው፣ ከእጀታው ወደ ክርን ይሄዳል። የክር ድርቀት በላቦራቶሪ ሲለካ አንጀት በኢንች 100 ፓውንድ ገደማ ይወጣል፤ ፖሊስተር ብዙውን ጊዜ 200ን ያልፋል። ከብዙ ቀጫጭን የናይሎን ጭረቶች የሚገመደው መልቲፊላመንት በሁለቱ መካከል ነው።

ይህን ስነግራቸው ሁሉም አንድ ነገር ይመልሱልኛል። «እሺ፣ ክንዴስ ይረፍ። ኳሷ ግን ከሜዳ ውጪ ትሄድብኛለች፤ ኮንትሮል አጣለሁ።» ስጋቱ እውነት አለው። ልል ክር ኳሷን አርቆ ይወረውራል፤ ጠበቅ ያለ ክር ደግሞ ያሳጥራታል። የቀድሞው ሻምፒዮን ፒት ሳምፕራስ የአንጀት ክሩን 75 ፓውንድ አካባቢ ያስወጥር የነበረው ለዚህ ነው። ነገር ግን ኮንትሮልን ከጥብቀት ጋር ብቻ አያይዞ ማሰብ ብዙ ክንድ ጎድቷል። ኳስ ሜዳ ውስጥ የምትቀረው በጥብቀት ብቻ ሳይሆን በስፒንም፣ ማለትም በኳሷ መሽከርከርም፣ ጭምር ነው። ስፒን የሚመጣው ደግሞ ክሩ ሲንቀሳቀስ ነው።

እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1977 ኢሊ ናስታሴ የተባለው ተጫዋች «ስፓጌቲ» በተባለው ራኬት ጊዬርሞ ቪላስን ገጠመው። ቪላስ በዚያ ጊዜ በቀይ አፈር ሜዳ 53 ግጥሚያ በተከታታይ አሸንፎ ነበር፤ ሁለት ዙር (ሴት) ከተሸነፈ በኋላ ጨዋታውን ትቶ ወጣ። የዚያ ራኬት ድር ከማጉ ጋር አልተጠላለፈም፤ ኳሷን ሲመታ እንደልቡ ተንሸራቶ ይመለስና ኳሷን በኃይል ያሽከረክራታል። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ራኬቱን አገደው፤ ያስተማረው ትምህርት ግን አልታገደም። በ1997 በዓለም 66ኛ ደረጃ ላይ የነበረው ብራዚላዊ ጉስታቮ ኩዌርተን ሉክሲሎን በተባለ ፖሊስተር ክር የፈረንሳዩን ውድድር ሮላን ጋሮስን ሲያሸንፍ ያው ነገር በሕጋዊ መንገድ ተመለሰ። ፖሊስተር ልሙጥ ስለሆነ ድሩ ማጉ ላይ ይንሸራተታል፣ ይመለሳል፤ ኳሷ በኃይል ተመትታም ከመስመሩ በፊት ትወድቃለች። ድርቀቱ ከዚሁ ጋር አብሮ የመጣ ዕዳ ነው። ኮንትሮሉን የሰጠው መንሸራተቱ ነው። እኔ ይህን ለይቼ ለማወቅ ዓመታት ፈጅቶብኛል፤ በዚያ መካከል አንድ ልጅ ጎድቻለሁ።

ልጁ የ14 ዓመት ልጅ ነበር፤ ቀጭን ክንድ፣ ጥሩ ባክሃንድ። የታወቁ ተጫዋቾች የሚጠቀሙበትን ፖሊስተር በሙሉ ራኬቱ፣ በ58 ፓውንድ እንዳደርግለት ጠየቀኝ። አባቱ ከፈሉ፤ እኔም ያለ አንድ ጥያቄ ሠራሁት። ከአምስት ወር በኋላ እናቱ ራኬቱን ብቻ ይዘው መጡ። ልጁ እርሳስ ሲይዝ ክንዱን ስለሚያመው ሐኪም ጨዋታ አስቁሞታል። ክሩ ያው የእኔው ክር ነበር፤ አልተበጠሰም፤ ሞቶ ነበር። ልጁ ኋላ ላይ ድኖ ወደ ሜዳ ተመልሷል። እኔ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሳልጠይቅ የወጠርኩት ራኬት የለም።

ልጁ የፈለገውና ያገኘው አንድ አልነበሩም። በየበጋው ዋሽንግተን ሮክ ክሪክ ፓርክ ውስጥ በሚደረገው ውድድር ተጫዋቾቹ ከመጀመሪያው 7 ጌም፣ ከዚያም ከየ9 ጌሙ በኋላ ኳስ ሲቀየር ብዙዎቹ ራኬትም ይቀይራሉ። ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አዲስ ክር ይወጠርላቸዋል። እነሱ የሚመቱበት ፖሊስተር ዕድሜው በሰዓት የሚቆጠር ነው። እኛ በወር የምንቆጥረው ፖሊስተር ሌላ ነገር ነው፤ ውጥረቱን አጥቷል፣ መንሸራተቱን አቁሟል፣ ድርቀቱ ግን አልለቀቀውም። ኮንትሮሉ ሄዶ ሕመሙ ብቻ የቀረበት ክር ነው። ተጫዋቹም ኳሷ ስላልታዘዘችው እጀታውን ጨምቆ ይይዛል፤ ክንዱም የበለጠ ይጎዳል።

ለጋሼ ያቀረብኩላቸው ሮጀር ፌደረር ለብዙ ዓመታት የተጫወተበትን ዓይነት ቅንብር ነው። ድሩ አንጀት፣ ማጉ ፖሊስተር። ምቱን በብዛት የሚሸከመው ድሩ ስለሆነ ክንድ የሚያገኘው የአንጀቱን ልስላሴ ነው፤ አንጀቱ የሚንሸራተተው ደግሞ ልሙጥ ማግ ላይ ስለሆነ ስፒኑ አይጠፋም። ድሩን በ54፣ ማጉን በ50 ፓውንድ እንዳደርገው ነገርኳቸው። ከ60 ወደ 54 መውረዱን ሲሰሙ ፊታቸው ተለወጠ። ዋጋውን ሲሰሙ ደግሞ ጭራሽ ዝም አሉ። አንድ ፓኬት አንጀት ከ40 ዶላር በላይ ያወጣል፤ ጥሩ ፖሊስተር በግማሹ ዋጋ ይገኛል።

ይሁንና አንድ ፓኬት 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ግማሹ ለአንድ ራኬት ድር ይበቃል። ይህን ስነግራቸው ወዲያው ስልካቸውን አንሥተው አብሯቸው ጥንድ ለሚጫወተው ወዳጃቸው ደወሉ። «ስማ፣ ላም ጥለን ልንካፈል ነው» አሉት። እንደ ቅርጫ አንዱን ፓኬት ለሁለት ተካፈሉት። ከዚያ ወዲህ እዚህ ሰፈር አንጀት የሚያስወጥር ሁሉ በቅርጫ ነው የሚያስወጥረው።

አንጀት መወጠር ትዕግሥት ይጠይቃል። ከጥቅልሉ ሲፈታ አንዴ ከታጠፈ እዚያው ቦታ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ሙሉ ርዝመቱን ዘርግቼ እፈታዋለሁ። ጫፉ በቀዳዳው አልገባ ካለ ቀዳዳውን በወስፌ ሰፋ አደርጋለሁ። እናቴ መሶብ የምትሰፋበት ዓይነት ወስፌ ነው፤ ጫፉን ግን አደብዝዤዋለሁ፣ ስለቱ አንጀቱን ከነካ ሥራው ሁሉ ከንቱ ነውና። ማጉን ሳሻግር እየጎተትኩ አላፋጨውም፤ ግራ እጄን ከፍ ዝቅ እያደረግኩ ክሩ አንድ ቦታ ላይ እንዳይጋጥ አቀያይረዋለሁ። የመጨረሻዋን ቋጠሮ ካሰርኩ በኋላ ክሩን በመዳፌ ጠርዝ መታ አደርግና ድምፁን አዳምጣለሁ። አያቴ አውታር ሲቃኙ አንገታቸውን ዘንበል ያደርጉ ነበር፤ እኔም ሳላስበው እንደዚያው ዘንበል እላለሁ። ድምፁ ከፍ ካለ ጠብቋል፣ ከወረደ ላልቷል። በነገራችን ላይ በእጅ ማሽንና በኤሌክትሪክ ማሽን የተወጠረ 54 ፓውንድ አንድ አይደለም፤ ኤሌክትሪኩ ጎትቶ ሳይለቅ ስለሚይዝ ጥቂት ፓውንድ ጠበቅ ብሎ ይወጣል። ወጣሪ ስትቀይሩ ቁጥሩን ብቻ ሳይሆን ማሽኑንም ጠይቁ።

ጋሼ በሁለተኛው ሳምንት ደወሉ። የመጀመሪያው ቀን ኳሳቸው በአንድ ክንድ ርዝመት ከመስመር ውጪ ትወጣ ነበር። ራኬቱን ሊመልሱልኝ አስበው ነበር። «እጀታውን አላላሁትና ከታች ወደ ላይ ቦረሽ አድርጌ መታሁ። ወረደችልኝ» አሉኝ። ክንዳቸው የዳነው ግን በክሩ ብቻ አይደለም፤ አንድ ወር አርፈዋል፣ ፊዚዮቴራፒም ሄደዋል። ክር የተጎዳ ጅማት አያድንም። የሚችለው እንደገና አለመጉዳት ነው።

አንጀት ለማይገዛ፣ ወይም በዋሽንግተን በጋ ወበቅ ውስጥ ለሚጫወትና እርጥበት ክሩን ለሚያበላሽበት ሰው መልቲፊላመንት እመክራለሁ፤ 1.30 ሚሊሜትር፣ 55 ወይም 56 ፓውንድ ላይ። ስፒኑ ይቀንሳል፣ ክሩም ቶሎ ይላላጣል፤ ለክንድ ግን ደግ ነው። ፖሊስተር ካልሆነ አልጫወትም ለሚል ደግሞ ቀጭኑን፣ 1.20 ሚሊሜትሩን፣ በ46 ፓውንድ እወጥርለታለሁ፤ ከ15 ሰዓት ጨዋታ በኋላ እንደሚቆርጠው ቃል ካልገባልኝ ግን አልሠራለትም። ሁለት ደንበኛ በዚህ ምክንያት አጥቻለሁ፤ አይቆጨኝም። ክሩ ላይ የምትሰካው ትንሽ ጎማ ድምፁን ትለውጣለች እንጂ ለክንድ የምታደርገው ነገር የለም፤ ለእሷ የምታወጡትን ገንዘብ ክሩ ላይ ጨምሩት።

ፖሊስተር ያለበት ራኬት ያላችሁ አንባቢዎች ዛሬውኑ አውጥታችሁ መሀል ላይ ያለውን የቁም ክር በጥፍራችሁ ወደ ጎን ግፉት። ካልተመለሰ እስኪበጠስ አትጠብቁ፤ ቁረጡት። ስትቆርጡም ፍሬሙ እንዳይጣመም ከመሀል ጀምራችሁ፣ አንድ ከድሩ አንድ ከማጉ እያላችሁ ወደ ዳር ውጡ።