«በሉህ!» ከማለታችን በፊት

ሞተር አስቀይሮ የመጣ ሰው የከፈለውን ሲናገር ከአፋችን የምትወጣው ቃል አንዲት ናት፤ «በሉህ!» እኔን የሚገርመኝ ስንት እንደከፈለ እንጂ ለምን ለምኑ እንደከፈለ የሚጠይቀው አለመኖሩ ነው።

ባለጋራዡ «በጠቅላላው ይሄን ያህል» ይላል። ባለመኪናው «ቀንስ እንጂ» ይላል። ይጨባበጣሉ። በዚህች «በጠቅላላው» ውስጥ ግን ስንት ነገር ታጭቋል! ከመርካቶ ሶማሌ ተራ የሚገዛው ያገለገለ ሞተር፣ የእጅ ዋጋ፣ ጓርኒሲዮን፣ ቺንጋ፣ ፊልትሮ፣ ዘይት። የወረደው አሮጌ ሞተርስ? እሱም እኮ ፈላጊ አለው። ለማን ቀረ?

ርካሽ ሁሉ ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ያረጀውን የታይሚንግ ቺንጋ መልሶ የሚገጥም ጋራዥ ዋጋው ቢቀንስ ምን ይደንቃል? ቺንጋው መንገድ ላይ ሲበጠስ ያን ሁሉ ብር ያፈሰሳችሁበትን ሞተር ሊያበላሸው ይችላል። ሰነድ የሌለው ሞተርም ያው ነው። የሞተር ቁጥር ሊብሬ ላይ ይሰፍራልና የዛሬዋን ቅናሽ መኪናው ሲሸጥ ትከፍሏታላችሁ። ጎረቤት የዛሬ አምስት ዓመት የከፈለውን መጥቀስም አያዋጣም፤ በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑ ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋው ሌላ ሆኗል።

ለእኔ ፍትሐዊ ዋጋ ማለት ተዘርዝሮ የተጻፈ ዋጋ ነው። ሞተሩ ስንት? እጅ ስንት? ቢበላሽ እስከ መቼ ኃላፊ ነህ? ይህን በወረቀት የሚያሰፍር መካኒክ ቢወደድ እንኳ አልበላንም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ሳንጠይቅ ተጨባብጠን ስናበቃ ግሪስ የነካውን እጅ ሁሉ የሌባ እጅ ማድረግ ግን ነውር ነው።