በቫንኩቨር ከተማ ስለ ቆመው የቻይናውያን ሐውልት

በካናዳ አገር፥ በቫንኩቨር ከተማ፥ በቻይናውያን ሰፈር አንድ ሐውልት አለ። የተመረቀው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2003 ዓመት ነው፤ ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት ኹሉ በዚሁ አቈጣጠር ይነበቡ። ሠሪው አርተር ሹ ረን ቼንግ ይባላል። በመካከል የቆመው የቻይና ፊደል ‹ጆንግ› ነው፤ ትርጓሜውም ‹መካከል› ማለት ነው። በግራና በቀኙ ኹለት ሰዎች ቆመዋል፤ አንደኛው የምድር ባቡር ሠራተኛ፥ ኹለተኛው የኹለተኛው የዓለም ጦርነት ወታደር ነው።

ወታደርን ማክበር የፈለገ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ከፍ ካለ ድንጋይ ላይ ያቆመዋል። ይህ ሠሪ ግን ከወዛደሩ ጋራ አስተካከለው፤ የሥራውም ዋጋ እዚህ ላይ ይመስለኛል።

አባቶቻቸው ከ1881 እስከ 1885 ተራራውን እየፈነቀሉ ሐዲዱን ዘረጉ። ሐዲዱ ባለቀበት ዓመት መንግሥት ወደ አገሩ በሚገባው ቻይናዊ ላይ 50 ዶላር ግብር ጣለ፤ በ1903 ግብሩ 500 ደረሰ፤ በ1923 ደግሞ በሩ በሕግ ተዘጋ። በዚያ አገር የተወለዱት ልጆች እንኳ በቫንኩቨር የመምረጥ መብት አልነበራቸውም። ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ የግዛቱ ሹማምንት «ካገለገሉ መብት ይጠይቁናል» ብለው ፈሩ፤ ፍርሃታቸውም እውነት ነበረ! ቻይናውያኑም እርስ በርሳቸው ተከራከሩ፤ ለናቀን አገር ስለ ምን እንሞታለን ያሉ ነበሩ። ቢሆንም 600 የሚያህሉ ዘመቱ። እንግሊዞችም ከጃፓን ጦር በስተኋላ የሚሠራ ሰው ባስፈለጋቸው ጊዜ 150 የሚያህሉትን ‹ኃይል 136› ለተባለው የምሥጢር ጦር መረጡ፤ ከነርሱም አንዳንዶቹ በቦርኔዎና በማላያ ጫካ አገለገሉ። በ1947 ሕጉ ተሻረ፤ የምርጫውም መብት ተሰጠ።

ከዚህ የተነሣ ብዙዎች «መብታቸውን በደማቸው ገዙት» እያሉ ያመሰግኗቸዋል። ምስጋናው መልካም ይመስላል፤ ነገር ግን ጠመንጃ ያላነሣው የባቡር ሠራተኛ መብት አልነበረውም ያሰኛል። ሐውልቱ ኹለቱን በእኩል ስላቆመ ከብዙ ንግግር ይልቅ ለዚህ መልስ ሰጥቷል።

የሚጐድለው ነገር በወታደሩ በኩል ነው። የወዛደሩን ድካም ያየ ኹሉ ያውቀዋል፤ ወታደሩን ግን ለብቻው ብናየው በየከተማው አደባባይ ከሚቆመው ወታደር አንለየውም። የለበሰው ልብስ ያልተቀበለው አገር ልብስ እንደ ነበረ ነሐስ ብቻውን አይናገርም፤ ታሪኩን የሚያውቅ ሰው አጠገቡ ሊቆም ያስፈልጋል።

ስለዚያ የነፍስ ወከፍ ግብር የካናዳ መንግሥት በ2006 ይቅርታ ጠየቀ። ካሳውን የተቀበሉት ግን በሕይወት የተገኙት ጥቂት ከፋዮችና ባሎቻቸው የሞቱባቸው ሴቶች ነበሩ።